ቃላት፣ ቃሎች ወይስ ቃላቶች?

ጥያቄው ከሜሪላንድ ነው የመጣው። ጠያቂዋ እናት ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«እሑድ እሑድ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ለመጀመሪያው ቀን ባዘጋጀሁት ወረቀት ላይ ‹አዳዲስ ቃላቶች› ብዬ ጻፍኩ። አንድ አባት ‹ቃላት ራሱ ብዙ ነው› ብለው በእስክሪብቶ ሰረዙልኝ። በዚያው ሳምንት ለጎረቤት ‹ሦስት ድመት አለን› ስል የስምንት ዓመት ልጄ ‹ማሚ፣ ድመቶች ነው የሚባለው› ብላ አረመችኝ። አባቴ ሊጠይቁን ሲመጡ ደግሞ ‹አያቴ ብቻውን ነው የመጣው፤ ለምን መጡ ትያለሽ?› አለች። አማርኛውን ረሳሁት ወይስ ድሮም አላውቀውም ነበር? ደንቡን ከነምክንያቱ ቢነግሩኝ።»

እኅቴ፣ ምንም አልረሱም። «ሦስት ድመት አለን» ንጹሕ አማርኛ ነው። ልጅዎም አልተሳሳተችም፤ «ሦስት ድመቶች አሉን» ማለት ይቻላል። ችግሩ ያረመችዎት በእንግሊዝኛ ሕግ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ ከአንድ ያለፈን ነገር ሁሉ ጅራት ካልቀጠሉበት አያሳልፍዎትም። ትምህርት ቤት ስትውል የምትሰማው ይህንን ነው። አማርኛ እንደዚያ አይጨነቅም። «ድመት» አንዲት ድመት ብቻ አይደለችም፤ ድመት የሚባለው ዘር ሁሉ ነው። «ሦስት» ቁጥሩን ከተናገረ ስሙ ያንኑ መድገም አይጠበቅበትም።

ተረትና ምሳሌዎቻችንን ይስሟቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። የሚያብር ነገር መቼም አንድ አይሆንም። ግን «ድሮች ቢያብሩ» ያለ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም»ም እንደዚሁ ነው። ጉልቻ ሦስት ነው፤ አባባሉ ግን ጉልቻ ብሎ ዝም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይኼኛው ነው፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ሎሚው ሃምሳ፣ ሰውም ሃምሳ። ብዙ ቁጥር የምትሠራው «ኦች» ግን አንድም ቦታ ዝር አላለችም። «ጌጣቸው» እንኳ አላለም፤ ሃምሳውን ሰው እንደ አንድ ቆጥሮ «ጌጡ» አለ።

ወደ ገበያ እንውጣ። አዲስ አበባ ሱቅ ገብተው «እንቁላሎች አሏችሁ?» ቢሉ ባለሱቁ ይገባዋል። ከውጭ እንደመጡም ያውቅብዎታል። «እንቁላል አለ?» ነው የሚባለው። ስለ ዓይነቱ እንጂ ስለ ተቆጠሩ እንቁላሎች አልጠየቁማ።

ታዲያ «ኦች» ግዴታ የሚሆነው መቼ ነው? ስሙ የታወቀ፣ «ያኛው» ተብሎ የተለየ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። «ቤት ውስጥ ሰው አለ» ብል አንድም ሊሆን ይችላል፣ አሥርም። «ሰውዬው አለ» ካልኩ ግን አንድ ነው፤ አለቀ። አሥር ከሆኑ «ሰዎቹ አሉ» ማለት አለብኝ፤ ምርጫ የለኝም። ቁጥር ቢጨመርበትም ያው ነው። «ሦስት ድመት አለን» ያምራል፤ «ሦስቱ ድመት ተኝቷል» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። «ሦስቱ ድመቶች ተኝተዋል» ነው። «እነዚህ» እና «እነዚያ»ም በጣት ስለሚያመለክቱ ብዙ ቁጥር ይፈልጋሉ። «እነዚህ ድመት» የሚል የለም። «እያንዳንዱ» በተቃራኒው ነጠላ ነው የሚወደው፦ እያንዳንዱ ልጅ። «እያንዳንዱ ልጆች» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ አንድ በአንድ እያልን መልሰን መሰብሰብ ይሆናል።

ለልጅዎ በአጭሩ፣ ስም ራቁቱን ሲሆን ቁጥሩ ልቅ ነው። «ው»፣ «ዋ» ወይም «ቷ» ሲለብስ አንድ ብቻ ይሆናል። ብዙ ከሆነ መጀመሪያ «ኦች»ን ያስገቡ፣ ከዚያ «ሌላውን» ያልብሱት። ድመት፣ ድመቶች፣ ድመቶቹ፣ ድመቶቹን። «ልጆቻችንን» የምትለዋን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፈው ይበታትኗት፦ ልጅ፣ ኦች፣ አችን፣ ን። ቅደም ተከተሉ አይናጋም። አንድ የሚያስደስታት ነገርም አለ፤ ብዙ ቁጥር ላይ ጾታ ይጠፋል። «ልጁ» እና «ልጅቷ» ሲበዙ ሁለቱም «ልጆቹ» ናቸው።

ማሰሪያውን፣ ማለትም ግሡን፣ ከስሙ ጋር ያስማሙ። «ሦስት ድመት አለን» ወይም «ሦስት ድመቶች አሉን»። ሲወራ ቢደበላለቅ ማንም አይቀጣዎትም፤ ሲጻፍ ግን ያስጠላል። ሰው ሲሆን ደግሞ ወደ ብዙ ቁጥር እናዘነብላለን። «ሁለት ልጆች አሉኝ» የሚለው «ሁለት ወንበሮች አሉኝ» ከሚለው ይልቅ ቶሎ ከአፍ ይወጣል። ይኼ ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው።

መለኪያዎች ከቁጥር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይበዙም። አምስት ብር፣ ሁለት ኪሎ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሦስት ኩንታል ጤፍ። አራት ኪሎ «አራት ኪሎዎች» ቢባል ታክሲው የሚያደርስዎት አይመስለኝም። «ብሮች» የምንለው ወረቀቱን ስናይ ነው፤ «የተቀዳደዱ ብሮች ሰጠኝ» እንደማለት። ያኔ ብር መለኪያ መሆኑ ቀርቶ ዕቃ ሆኗል።

አሁን «ኦች» እንዴት እንደምትቀጠል። ስሙ በሳድስ (በስድስተኛው ፊደል) ካለቀ ሳድሱ ወደ ሳብዕ (ወደ ሰባተኛው) ይሄድና ች ይከተለዋል፦ ቤት፣ ቤቶች። ጉዳይ፣ ጉዳዮች። በአናባቢ ካለቀ «ዎች» ይገባል፦ ተማሪዎች፣ ገበሬዎች፣ ዶሮዎች። በራብዕ (በአራተኛው ፊደል) የሚያልቀው ሁለት መንገድ አለው፤ ውሻ «ውሻዎች»ም «ውሾች»ም ይሆናል። ከተማን ግን አብዛኛው ሰው «ከተሞች» ነው የሚለው። በ«ኛ» የሚያልቁት ወደ አንዱ ጠቅልለው ገብተዋል፦ ሠራተኞች፣ ጋዜጠኞች፣ ጓደኞች። «ሠራተኛዎች» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ገና እየተማረ ነው። አንዲት ወጥመድ ብቻ ልጠቁም። በሬን እንደ ውሻ አሳጥረው «በሮች» ካሉ ቤቱን የሚዘጋው በር ሲበዛም «በሮች» ነው። «በሮቹን አስገባ» የተባለ እረኛ ባይሳሳትም አንባቢ ይደናገራል። «በሬዎች» ብለው ይጻፉ።

ወደ ተሰረዘብዎት ቃል እንምጣ። የሰረዙት አባት እውነት አላቸው። «ቃላት» ከግእዝ የመጣ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው ቃል ነው። ግእዝ ስም የሚያበዛበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱን በመጨረሻው ላይ «ት» ወይም «ን» ጨምሮ ያበዛዋል፦ ቃል ቃላት፣ ካህን ካህናት፣ ሕፃን ሕፃናት፣ ምሁር ምሁራን፣ መምህር መምህራን። አንዳንዱን ሆዱን ገልብጦ ያበዛዋል፦ መጽሐፍ መጻሕፍት፣ ኮከብ ከዋክብት፣ ንጉሥ ነገሥት፣ ቄስ ቀሳውስት። እነዚህ በቤተ ክህነትና በመጻሕፍት በኩል አማርኛ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። ይኖራሉ፣ ግን እምብዛም አይወልዱም። «ቴሌቪዥን» የሚባል ነገር ሲመጣ ማንም «ቴሌቪዥናት» አላለም። ሙሉ ሕይወት ያላት «ኦች» ናት።

ለዚህም ነው «ቃላቶች» ከሁላችንም አፍ የሚያመልጠው። ተናጋሪው «ቃላት»ን ይሰማል፣ «ኦች» ግን አልተሰማችውም። ስለዚህ ይጨምራታል። ስንፍና አይደለም፤ አማርኛው ግእዙን ሲያለብሰው ነው። ይህ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። «ነገሥታት» የሚለውን ይመልከቱ። ነገሥት ራሱ የንጉሥ ብዙ ቁጥር ነው፤ «ንጉሠ ነገሥት» ስንል የንጉሦች ንጉሥ ማለታችን ነውና። «ነገሥታት» ላዩ ላይ ሌላ ብዙ ቁጥር የተደረበበት ነው። እሱን ግን ማንም በእስክሪብቶ አይሰርዝም።

እንግዲህ የቱን እንተው፣ የቱን እናርም? ብዙ ዓመት ጽሑፍ ሳርም የምጠቀምባት አንዲት መመዘኛ አለችኝ። ነጠላውን በዚያው ትርጉም ዛሬ እንጠቀምበታለን ወይ? እላለሁ። ቃል፣ መጽሐፍ፣ ሕፃን፣ ካህን የሚሉትን በየቀኑ እንላቸዋለን። ስለዚህ ቃላት፣ መጻሕፍት፣ ሕፃናት፣ ካህናት ይበቃሉ፤ «ሕፃናቶች» ጽሑፍ ላይ ካገኘሁ ኦቿን አወጣለሁ። አንዳንዱ ቃል ግን ከነጠላው ጋር ተፋቷል። «ሠራዊት» በግእዝ የ«ሠርዌ» ብዙ ቁጥር ነበር። ዛሬ ሠርዌን ማን ያውቀዋል? ለእኛ ሠራዊት አንድ ጦር ነው፤ ሁለት ከሆኑ «ሠራዊቶች» ማለት ምንም ነውር የለውም። «አትክልት» የተክል ብዙ ቁጥር ነበር፤ ዛሬ ጎመንና ካሮት ነው። «አትክልቶች» ብለው ይጻፉ። ከሁሉ የሚገርመኝ «አህጉር» ነው። የሀገር ብዙ ቁጥር ነበር። አማርኛ ለአፍሪካና ለእስያ የሚሆን ስም ሲፈልግ አንሥቶ ነጠላ አደረገው፤ አሁን እኛ ደግሞ «አህጉራት» እና «አህጉሮች» እያልን መልሰን እናበዛዋለን።

አንዳንዴ የግእዙና የአማርኛው ብዙ ቁጥር ሁለቱም ይኖሩና ሥራ ይከፋፈላሉ። በዚህ ጉዳይ የደረሰብኝን ልንገርዎት። ጀማሪ አርታኢ ሳለሁ ስለ ወታደሮች የተጻፈ ዜና እጄ ገባ። «ወጣት መኮንኖች ተመረቁ» ይላል። እኔ ደግሞ ግእዝ አወቅሁ ብዬ በኩራት «ወጣት መኳንንት ተመረቁ» አደረግሁት። ወጣ። በማግስቱ አለቃዬ ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «ልጄ፣ ዘውዱን መለስከው እንዴ?» አለኝ። መኳንንት የመኮንን ብዙ ቁጥር መሆኑ እውነት ነው። ግን አማርኛ ለድሮው ባላባት፣ ለማዕረግ ሰው ሰጥቶታል። ባለኮከቡ የዛሬ ወታደር መኮንኖች ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን ቃል ከማረሜ በፊት ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ።

ሰዓትም እንደዚያው ነው። «ለሰዓታት ጠበቅኩ» የሚል ሰው ጊዜውን ነው የሚቆጥረው። «ሰዓቶች ይሸጣል» የሚል ሱቅ ግን እጅ ላይ የሚታሰረውን ነው የሚሸጠው። «ሕዝብ» በግእዝ ሲበዛ «አሕዛብ» ነበር፤ ይህ ቃል ዛሬ ሌላ ነገር ስለሆነ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» እያለ ነው የሚናገረው። እዚያ ላይ «አሕዛብ» ቢገባ ምን እንደሚሆን ያስቡት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር፣ «መጽሐፎች» ስሕተት አይደለም። ነጠላው ላይ «ኦች» ጨመሩ፤ ሕጋዊ የአማርኛ ብዙ ቁጥር ነው። ዓመቶች፣ ቀኖች፣ መምህሮች፣ ፊደሎችም እንዲሁ። በተለይ «የእኔ» ሲመጣ በጣም ይጠቅማል። «መጻሕፍቴ» ለብዙ ጆሮ አንድ መጽሐፍ ይመስላል፤ «መጻሕፍቶቼ» ድርብ ነው። «መጽሐፎቼ» ቢሉ ከሁለቱም ይገላገላሉ። «ቃሎች» ግን ደንቡ ቢፈቅድለትም ለእኔ ጆሮ ጎርበጥ ይላል። እዚያ ላይ ከቃላት ጋር እቆያለሁ።

ጥምር ስሞች ላይ ደግሞ የግእዙና የአማርኛው ባሕርይ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። አማርኛ ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ የሚበዛው መጨረሻው ነው፦ ትምህርት ቤቶች፣ ምግብ ቤቶች። ግእዝ ዋናውን ከፊት ያስቀምጣል፤ ቤተ ክርስቲያን «አብያተ ክርስቲያናት» ይሆናል። ቤተ መጻሕፍት ሲበዛ በግእዙ አካሄድ «አብያተ መጻሕፍት» ነው፤ መጻሕፍቱ እንደሆነ አንዱም ቤት ውስጥ ብዙ ናቸው። «ቤተ መጻሕፍቶች» የሚል ሰው መጻሕፍቱን እንጂ ቤቱን አላበዛም። እንዲያም ሆኖ አነጋገሩ ሥር ሰዷል። መደበኛ ጽሑፍ ካልሆነ አልከራከርበትም።

የአያትዬውን ጥያቄ አልረሳሁትም። ልጅዎ ያስተዋለችው ትክክል ነው። «መጡ» ለብዙዎችም ለአንድ ትልቅ ሰውም ይሆናል። አማርኛ የሚከበረውን ሰው በግሡ ያበዛዋል፤ ስሙን ግን አይነካውም። «አባቴ መጡ» እንላለን። «አባቶቼ መጡ» ካልን ነገሩ ሌላ ነው። እንግዲህ «ብቻቸውን ነው የመጡት፣ ግን ትልቅ ሰው ስለሆኑ እንደ ብዙ እንቆጥራቸዋለን» ይበሏት። ልጆች ይህንን ቶሎ ይቀበሉታል። «ታዲያ እኔስ?» ብላ ከጠየቀች መልሱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

የሰው ስም አይበዛም። በክፍልዎ ሦስት ሳራ ካለች «ሦስት ሳራ አለች» ነው። «እነ ሳራ» ሲሉ ግን ሳራዋ አንድ ናት፤ ሌሎቹ አብረዋት ያሉት ናቸው። ወንድሟ፣ ጓደኞቿ፣ ቤተሰቧ። «እነ እማማ ቤት እንሂድ» ስንል ሁለት እማማ የለችም። ይህችን «እነ» እንግሊዝኛ በአንድ ቃል አያገኛትም። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ቢጫወቱባት ደስ ይላቸዋል። መቼም ስም ካነሣን፣ «ኪሩቤል» የሚባል ተማሪ ካለዎት የመላእክት ስም ነው፤ ኪሩብ ነጠላው፣ ኪሩቤል ብዙው። አንድ ልጅ ብቻውን ሙሉ ጭፍራ ነው።

የማይቆጠሩት ስሞች ብዙ አያስቸግሩም። ውሃ፣ ቅቤ፣ ጤፍ፣ ስኳር በመስፈሪያ ነው የሚቆጠሩት። ካፌ ግን ሁሉም ይቆጠራል። «ሁለት ቡና፣ አንድ ማኪያቶ፣ ሁለት ውሃ» ሲባል አስተናጋጁ ስኒና ጠርሙስ መሆኑን ያውቃል። «ሁለት ቡናዎች» ካሉት መጀመሪያ ፊትዎን ያያል። ጓዳ ውስጥ ደግሞ የሚያምሩ መቁጠሪያዎች አሉን፤ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ ሎሚ። አብሮ የሚሄደውን ደግሞ ድርብ አድርገን እንሰበስበዋለን፦ ቅጠላ ቅጠል፣ ብረታ ብረት፣ ቅመማ ቅመም፣ ሸቀጣ ሸቀጥ። በየሱቁ «ሸቀጣ ሸቀጦች» ተብሎ ተጽፎ ያያሉ። ቃሉ ራሱ «ብዙ ዓይነት» ብሎ ጨርሶ ነበር። ቢሆንም ቀለም ቀቢውን መውቀስ አያስፈልግም።

«ወንድሞች» እና «ወንድማማቾች»ም አይምታቱብዎት። «ወንድሞቼ መጡ» ሲባል የእኔ ወንድሞች ናቸው። «ወንድማማቾች ናቸው» ሲባል እርስ በርሳቸው ነው። እኅትማማቾችና ጓደኛሞችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

ቅጽሎች የሚበዙት መሐላቸውን በመድገም ነው፦ ትልቅ ትልልቅ፣ ረጅም ረጃጅም፣ አጭር አጫጭር፣ ነጭ ነጫጭ፣ ትንሽ ትናንሽ፣ አዲስ አዳዲስ። ቅጽሉ ከበዛ ስሙ ራቁቱን ቢቀርም ችግር የለም። «አዳዲስ ልብስ ገዛሁላት» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «ትልቅ ቤቶች»ም ይባላል። አንዱ ከተናገረ ሌላው ዝም ማለት ይችላል።

እንግዲህ ወረቀትዎን መልሰው ይዩት። «አዳዲስ ቃላቶች»። አዳዲስ ብሎ አንድ ጊዜ በዛ፣ ቃላት ብሎ ሁለተኛ፣ ኦች ብሎ ሦስተኛ። አባትየው የሰረዙት አንዷን ብቻ ነው፤ «አዳዲስ ቃላት» ይሁን፣ ያምራል። እኔ ብሆን ግን ከላይ «አዲስ ቃል» ብዬ እጽፍና ከሥሩ ሃያውን እደረድር ነበር።